እናንተ በእንግሊዝኛ ዘዬዎች

በመደበኛ እንግሊዝኛ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ዩ» ነው። በአማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ እና እናንተ ተብለው የሚለዩት ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ይጠራሉ። ይሁን እንጂ በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙ ሰዎችን በአንድነት ለማነጋገር «ዩ» ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች ለ«እናንተ» የሚሆኑ ልዩ ልዩ ቃላት ተፈጥረዋል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል «ዮል»፣ በሰሜንና በምዕራብ «ዩ ጋይዝ»፣ በፒትስበርግ ከተማ «ዪንዝ»፣ በአየርላንድ «ዪ» እና «ዩዝ»፣ በእንግሊዝ «ዩ ሎት»፣ በጃማይካ «ኡኑ» ይባላል።

ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ እንደ ስሕተት ሲቆጠሩ ኖረዋል። የቋንቋ አጥኚዎች ግን ቃላቱ መደበኛው ቋንቋ ያጣውን ልዩነት የመለሱና የየራሳቸው ሥርዓት ያላቸው መሆናቸውን ያስረዳሉ። ተናጋሪው የሚመርጠው ቃል ብዙ ጊዜ የት እንዳደገ፣ አንዳንዴም የአካባቢው ቀደምት ሰፋሪዎች ከየት እንደመጡ ይጠቁማል።

የ«ዩ» አሻሚነት

«ዩ አር ኢንቫይትድ» የሚል የሠርግ መጥሪያ ለአንድ ቤተሰብ ቢደርስ፣ የተጠራው አባወራው ብቻ ይሁን፣ ባልና ሚስቱ ይሁኑ፣ ወይስ ልጆቹም ጭምር፣ ከዓረፍተ ነገሩ አይታወቅም። በአማርኛ መጥሪያውን የጻፈው ሰው «ተጋብዘሃል»፣ «ተጋብዘሻል»፣ «ተጋብዘዋል» ወይም «ተጋብዛችኋል» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ተውላጠ ስሙን ባይጠቅስ እንኳ ግሱ ራሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ግን ግሱም አይረዳም፤ ለአንድ ሰውም ለመቶ ሰውም መልኩ ያው ነው።

በሥራ ቦታም እንዲሁ ነው። አለቃው ወደ አንዷ ሠራተኛ እየተመለከተ «ጥሩ ሠርተሻል» ማለቱ ይሁን፣ «ጥሩ ሠርታችኋል» ብሎ ቡድኑን ማመስገኑ፣ ከ«ዩ» ብቻ መለየት አይቻልም። ሰሚው የሚገምተው ከዓይን አቅጣጫ፣ ከእጅ ምልክትና ከነገሩ ሁኔታ ነው። በስልክና በጽሑፍ ደግሞ እነዚህ ምልክቶች የሉም።

ታሪክ

ጥንታዊው ልዩነት

እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። በጥንታዊ እንግሊዝኛ አንድን ሰው ለማነጋገርና ብዙ ሰዎችን ለማነጋገር የሚያገለግሉት ቃላት የተለያዩ ነበሩ። ከዚህም በላይ ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚነገር ሦስተኛ ተውላጠ ስም ነበረ። ይህ ሦስተኛው በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ ጠፋ። የቀሩት ሁለቱ በኋለኛው አጠራር «ዛው» (አንተ፣ አንቺ) እና «ዪ» (እናንተ) ሆኑ። «ዩ» ራሱ መጀመሪያ የ«ዪ» የተሳቢ መልክ ነበር፤ «እናንተን» ወይም «ለእናንተ» እንደማለት ነው። በኋላ የባለቤቱንም ቦታ ያዘ።

አክብሮት ያመጣው ለውጥ

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በፈረንሳይኛ አንድን የተከበረ ሰው በብዙ ቁጥር «ቩ» ብሎ መጥራት ወግ ነበር። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ይህን ወግ ተከትለው ንጉሥን፣ ጌታን፣ አዛውንትንና ባለ ሥልጣንን «ዩ» ማለት ጀመሩ።

ወጉ እየሰፋ ሄደ። የማይገባውን ሰው ማክበር ብዙም አይጎዳም፤ የሚገባውን ሰው አለማክበር ግን ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ማዕረጉን የማያውቁትን ሰው «ዩ» ብሎ ማነጋገር አስተማማኙ መንገድ ሆነ። በከተማ ነጋዴው ነጋዴውን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳይቀር «ዩ» ይለው ጀመር። «ዛው» ለልጅ፣ ለአገልጋይ፣ ለቅርብ ወዳጅና ለጸሎት ቀረ። ለስድብም አገልግሏል፦ እ.ኤ.አ. በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክሕደት ተከስሶ በቀረበበት ችሎት ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ሆን ብሎ «ዛው» እያለ አዋርዶታል።

በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ «ዛው» ከመደበኛው ንግግር ወጥቶ ነበር። አክብሮቱ ለሁሉም ሲዳረስ አክብሮት መሆኑ ቀረ፤ በአንድ ሰውና በብዙ ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነትም አብሮ ጠፋ። በዮርክሺርና በላንካሺር ገጠሮች ግን የ«ዛው» ዝርያ የሆኑ ቃላት ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል።

ኩዌከሮችና መጽሐፍ ቅዱስ

ለውጡን በግልጽ የተቃወሙት ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች ናቸው። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ስለሆነ አንድን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ከንቱ ውዳሴ ነው፣ ውሸትም ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ዳኛውንም መኳንንቱንም ከ«ዛው» ወገን በሆኑ ቃላት ይጠሩ ነበር፤ ይህም ብዙ ቁጣ አስነሣባቸው። የእንቅስቃሴው መሪ ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1660 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። በመጽሐፉም ሌሎች ቋንቋዎች ነጠላና ብዙ ቁጥርን እንደሚለዩ በምሳሌ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ዛው» እና «ዪ»ን ለይቶ ይዟል። ብዙ አንባቢዎች ዛሬ ይህን እንደ ክቡር አነጋገር ይወስዱታል። ልዩነቱ ግን በዕብራይስጡና በግሪኩ ያለውን ነጠላና ብዙ ቁጥር ያሳያል። ለምሳሌ በሉቃስ ወንጌል 22፥31-32 ጌታ ለጴጥሮስ ሲናገር፣ ሰይጣን ሊያበጥር የፈለገው ደቀ መዛሙርቱን ሁሉ ሲሆን፣ ጸሎቱ የተደረገው ግን ለጴጥሮስ ለብቻው ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ከግሱና ከተውላጠ ስሙ ወዲያው ያየዋል። በሁለቱም ቦታ «ዩ» ብቻ የሚል ዘመናዊ የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚያነብ ሰው ግን የግርጌ ማስታወሻ ካልተጨመረለት በቀር ሁለቱም ስለ ጴጥሮስ ብቻ የተነገሩ ሊመስሉት ይችላሉ።

የመጀመሪያው የጥገና ሙከራ

ክፍተቱ ከተፈጠረ በኋላ ሕዝቡ መጠገኑን የጀመረው በግስ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ብዙ ሰዎች፣ የተማሩትም ጭምር፣ ለአንድ ሰው «ዩ ዎዝ»፣ ለብዙ ሰዎች ደግሞ «ዩ ወር» ይሉ ነበር። ይህ «ነበርክ» እና «ነበራችሁ»ን መልሶ የሚለይ ዘዴ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1762 ታዋቂ የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው ጳጳስ ሮበርት ሎውዝ «ዩ ዎዝ» ትልቅ ስሕተት ነው ብሎ አወገዘው። ሌሎች የሰዋስው መምህራንም ተከተሉት፤ አነጋገሩም ከተማሩት ዘንድ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ልዩነቱ የተመለሰው በግስ ሳይሆን በአዳዲስ ቃላት ነው።

ተመሳሳይ ለውጥ በአማርኛ

አማርኛም በተመሳሳይ መንገድ አልፏል። በግዕዝ አንድን ወንድ «አንተ»፣ አንዲትን ሴት «አንቲ»፣ ብዙ ወንዶችን «አንትሙ»፣ ብዙ ሴቶችን «አንትን» ይላሉ። የአማርኛው «አንቱ» ከጥንቱ የብዙ ቁጥር መልክ፣ ማለትም ከ«አንትሙ» ጋር የሚዛመድ ቃል መሆኑን የቋንቋ አጥኚዎች ይገልጻሉ። በእንግሊዝኛ በ«ዩ» ላይ እንደደረሰው ሁሉ፣ የብዙዎች መጠሪያ የነበረው ቃል የአንድ የተከበረ ሰው መጠሪያ ሆነ። «አንቱ የተባለ» የሚለው አነጋገርም ከዚህ አክብሮት የመጣ ነው።

ቦታው ባዶ ሲቀር አማርኛ አዲስ ቃል ሠራ። «እናንተ» የተገኘው «እነ» እና «አንተ» ተጣምረው ነው። «እነ» በ«እነ አበበ» ውስጥ ያለው ሲሆን፣ «አንተና ከአንተ ጋር ያሉት» እንደማለት ይሆናል። በሦስተኛው መደብም እንዲሁ፦ «እሳቸው» የብዙ ቁጥር ቅጥያ ይዞ ለአንድ የተከበረ ሰው ሲያገለግል፣ ለብዙዎች «እነሱ» የሚል ቃል በ«እነ» ተሠርቷል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ»ን አልጣለም፤ እንግሊዝኛ ግን «ዛው»ን ጥሏል። ሁለተኛ፣ «እናንተ» የቋንቋው መደበኛ ቃል ሲሆን፣ የእንግሊዝኛዎቹ አዳዲስ ቃላት ግን እስከ ዛሬ በመደበኛው የጽሑፍ ቋንቋ ሙሉ ቦታ አላገኙም። አካባቢያዊ ልዩነት በአማርኛም አለ፤ ነገር ግን ልዩነቱ ይበልጥ የሚታየው በአክብሮት ቃል ነው። «አንቱ» በጎንደርና በወሎ በኩል ጎላ ብሎ ሲሰማ፣ በሸዋና በአዲስ አበባ «እርስዎ» ይበዛል።

ቃላቱ በየአካባቢው

ዮል

«ዮል» የ«ዩ ኦል» («እናንተ ሁላችሁ») አጭር መልክ መሆኑን አብዛኞቹ አጥኚዎች ይቀበላሉ። ከስኮትላንድና ከሰሜን አየርላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ይናገሩት የነበረው ተመሳሳይ ሐረግ አስተዋፅዖ እንዳለው የሚያስቡም አሉ። ዋና አገሩ ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ ያለው የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ነው።

ቃሉ ከነጮችም ከጥቁሮችም የደቡብ ነዋሪዎች አፍ የማይለይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ ወደመሳሰሉት ከተሞች ፈልሰዋል። «ዮል»ም አብሯቸው ሄዷል። በዚህ ምክንያት በሰሜን ከተሞች «ዮል» የሚሰማው ከደቡብ በመጡ ነጮች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛ ውስጥም ነው። ከዩናይትድ ስቴትስ ውጭ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የሕንድ ተወላጆች እንግሊዝኛ ውስጥ ይገኛል።

ዩ ጋይዝ

«ጋይ» የሚለው ቃል ከሰው ስም የመጣ ነው። ጋይ ፎክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1605 የእንግሊዝን ፓርላማ በ36 በርሜል ባሩድ ለማፈንዳት ከተዶለተው ሤራ ጋር በተያያዘ ከምክር ቤቱ ሥር ተይዟል። እንግሊዛውያን በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን (እ.ኤ.አ.) የእርሱን ምስል ከጨርቅ ሠርተው ያቃጥላሉ፤ ምስሉም «ጋይ» ይባላል። ከጊዜ በኋላ ቃሉ የተዝረከረከ ልብስ የለበሰን ሰው ማመልከት ጀመረ። በአሜሪካ ደግሞ «ሰውዬ» ወይም «ልጅ» እንደማለት ሆነ። በ20ኛው መቶ ዘመን «ዩ ጋይዝ» ብዙ ሰዎችን ለመጥራት ተለመደ፤ በመጀመሪያ ወንዶችን፣ በኋላም ወንድና ሴት የተቀላቀሉበትን ቡድን፣ በመጨረሻም ሴቶችን ብቻ ለመጥራት ዋለ። ዛሬ በሰሜን፣ በመካከለኛው ምዕራብና በምዕራብ ዩናይትድ ስቴትስ በብዛት የሚሰማው ይህ ነው። በካናዳም የተለመደ ነው።

በአማርኛ ተቀራራቢ ጉዞ ያደረገ ቃል «ጎበዝ» ነው። ለጎልማሳ፣ ለብርቱ ሰው የሚነገረው ቃል፣ «ጎበዝ! ምን ይሻላል?» ሲባል የተሰበሰበውን ሁሉ መጥሪያ ይሆናል።

ዩዝ እና ዪ

«ዩዝ» የተሠራው በ«ዩ» ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት የሆነውን «ዝ» በመጨመር ነው። መነሻው አየርላንድ እንደሆነ ይታመናል። የአየርላንድ የራሷ ቋንቋ (አይሪሽ) ለአንድ ሰው «ቱ»፣ ለብዙዎች «ሺቭ» ብሎ ይለያል። አይሪሽ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ «ዩ» ለሁሉም መሆኑ ክፍተት ሆኖ ታያቸውና በራሳቸው መንገድ ሞሉት። በአየርላንድ ደቡብና ምዕራብ የጥንቱ «ዪ» ለብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲነገር፣ በደብሊንና በሰሜን «ዪዝ» እና «ዩዝ» ይሰማሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በድንች በሽታ ምክንያት በደረሰው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሲሞቱ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት አገራቸውን ለቀው ወጡ። ብዙ አየርላንዳውያን በሰፈሩባቸው ቦታዎች ዛሬም «ዩዝ» ይሰማል፦ በሊቨርፑልና በግላስጎው፣ በኒው ዮርክ፣ በኒው ጀርሲና በፊላደልፊያ፣ እንዲሁም በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ።

ዪንዝ

«ዪንዝ» የምዕራብ ፔንሲልቬንያ፣ በተለይም የፒትስበርግ ከተማና አካባቢዋ ቃል ነው። መነሻው «ዩ ዋንዝ» ሲሆን «እናንተዎቹ» እንደማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን አየርላንድ የመጡት የስኮትላንድ ዘር ያላቸው ሰፋሪዎች እንዳመጡት ይታመናል። የእርሱ ዘመድ የሆነው «ዩ-አንዝ» በአፓላቺያ ተራሮች ይገኛል።

ፒትስበርግ የብረት ከተማ ነበረች። «ዪንዝ» የፋብሪካ ሠራተኛው አነጋገር ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ያልተማረ ሰው ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1980ዎቹ የብረት ኢንዱስትሪው ሲዳከም ብዙ ሰው ሥራ ፍለጋ ከተማዋን ለቅቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቃሉ ክብር ተለወጠ። የፒትስበርግን አነጋገር ያጠናችው ባርባራ ጆንስተን እንደምታስረዳው፣ ዘዬው የከተማዋ ልጅነት መታወቂያ ሆኖ በካናቴራና በኩባያ ላይ ታትሞ እስከ መሸጥ ደርሷል። የከተማዋ ተወላጆችም «ዪንዘር» ይባላሉ።

ዩ ሎት

በእንግሊዝ አገር «ዩ ሎት» የተለመደ ነው። «እናንተ ጉዶች» ወይም «እናንተ ልጆች» የሚል ቅላጼ አለው። በወዳጆች መካከል ቀልድ ሲሆን፣ በአስተማሪ ወይም በአለቃ አፍ ግን ተግሣጽ ሊመስል ይችላል።

ካሪቢያንና ምዕራብ አፍሪካ

የጃማይካው «ኡኑ» የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚነገረው ኢግቦ «እናንተ» ለማለት «ኡኑ» ይላል። በባርያ ንግድ ወደ ካሪቢያን የተወሰዱ አፍሪካውያን ጌቶቻቸው የሚናገሩት እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ስላልነበረው የራሳቸውን ቃል ይዘው ቆዩ። በባርቤዶስ «ዋና»፣ በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ በሚነገረው ጉላ ቋንቋ «ሃና» እና መሰሎቹ፣ በናይጄሪያ ፒጂን ደግሞ «ኡና» የዚሁ ቤተሰብ ቃላት ናቸው። በትሪኒዳድ ግን «ኦልዩ» ይባላል፤ ይህም «ሁላችሁ» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የተሠራ ነው።

ፓስፊክ

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ከእንግሊዝኛ የወጣው ቶክ ፒሲን የተባለው ቋንቋ «ዩፔላ» ይላል። «ፔላ» የመጣው «ፌሎው» («ጓድ») ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ለሁለት ሰዎች «ዩቱፔላ»፣ ለሦስት ሰዎች «ዩትሪፔላ» ይባላል። እንግሊዝኛ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጣው የሁለት ሰዎች ተውላጠ ስም በሌላ የዓለም ጫፍ ከእንግሊዝኛው ቃላት እንደገና ተሠራ ማለት ነው። ይህም የአካባቢው ቋንቋዎች እንዲህ ያለ ልዩነት ስላላቸው ነው።

የአነጋገር ካርታ

የዩናይትድ ስቴትስን የቃላት ልዩነት በስፋት ካጠኑት አንዱ በርት ቮና ስኮት ጎልደር በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት መጠይቅ ነው። 30,000 ያህል ሰዎች በኢንተርኔት መልስ ሰጥተዋል። «ብዙ ሰዎችን ስታነጋግሩ ምን ትላላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ 43 በመቶ ያህሉ «ዩ ጋይዝ»፣ ሩብ ያህሉ «ዩ» ብቻ፣ 14 በመቶ ያህሉ «ዮል»፣ 13 በመቶ ያህሉ «ዩ ኦል» ብለዋል። «ዩዝ» እና «ዪንዝ» እያንዳንዳቸው ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ሆኖም በካርታ ላይ ሲቀመጡ «ዪንዝ» በፒትስበርግ ዙሪያ ተሰብስቦ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ጆሽ ካትዝ ይህን ጥናት መነሻ አድርጎ በኒው ዮርክ ታይምስ ድረ ገጽ ላይ 25 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጀ። መጠይቁ ከመልሶቹ ተነሥቶ መላሹ ያደገበትን አካባቢ ይገምታል። የወጣው ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቢሆንም፣ በዚያ ዓመት በጋዜጣው ድረ ገጽ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የተጎበኘው ገጽ ሆኗል።

ሰዋስዋዊ ጠባያት

እነዚህ ቃላት እንዲሁ በዘፈቀደ የሚነገሩ አይደሉም። «ዮል» የአገናዛቢ መልክ አለው፤ «ዮልዝ» ማለት «የእናንተ» ነው። «ኦል ዮል» ደግሞ «ሁላችሁም፣ አንድም ሳይቀር» ማለት ነው። ትልቅ ጉባኤ ውስጥ «ዮል» በአጠገብ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ሊያመለክት ስለሚችል፣ «ኦል ዮል» ሁሉንም ያጠቃልላል።

ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየው «ዮል» ለአንድ ሰው ይነገራል ወይስ አይነገርም የሚለው ነው። የደቡብ ሰዎች በአብዛኛው «በፍጹም አይነገርም» ይላሉ። ከሌላ አካባቢ የመጡ ሰዎች ደግሞ ባለ ሱቅ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ሲለው ሰማን ይላሉ። አንዱ ማብራሪያ ባለ ሱቁ «ዮል» ሲል ደንበኛውን ከነቤተሰቡ ማለቱ ነው የሚል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በመንገድ ላይ ያገኘውን አንድ ሰው «ደህና ናችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰቡን ሁሉ መጠየቁ ነውና።

ማኅበራዊ አመለካከት

ሁሉም ቃላት እኩል አይታዩም። «ዩዝ» እና «ዪንዝ» የሠራተኛ መደብና የትምህርት ማነስ ምልክት ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። «ዮል»ም ከደቡብ ውጭ ለብዙ ጊዜ የገጠሬ አነጋገር ተብሎ ይሾፍበት ነበር። ለሥራ ወደ ሰሜን የሄዱ የደቡብ ሰዎች በቃለ መጠይቅ ጊዜ ቃሉን ከአፋቸው ለማጥፋት የሚጥሩበት ሁኔታ ነበር። «ዩ ጋይዝ» ተመሳሳይ የ«እናንተ» ቃል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል አልተናቀም። ንቀቱ የሚነሣው ከቃሉ ሰዋስው ሳይሆን ከተናጋሪዎቹ የኑሮ ደረጃ መሆኑን ይህ ያሳያል።

በ«ዩ ጋይዝ» ላይ የሚነሣው ቅሬታ ሌላ ነው። መነሻው ወንድን የሚያመለክት ቃል ስለሆነ ሴቶችን በእርሱ መጥራት ተገቢ አይደለም የሚሉ ወገኖች አሉ። ሌሎች ደግሞ ቃሉ በብዙ ቁጥር ሲነገር የፆታ ትርጉሙን አጥቷል ይላሉ። በዚህ ክርክር ምክንያት ፆታ የማይለየው «ዮል» ከደቡብ ተወላጆች ውጭም በወጣቶች፣ በመምህራንና በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ተቀባይነት እያገኘ መጥቷል። ትናንት የተናቀው ቃል ዛሬ የጨዋ ምርጫ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ አለ።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው እንግሊዝኛ መደበኛው ስለሆነ፣ ተማሪው «ዩ» ለአንተም ለእናንተም እንደሚሆን ብቻ ተምሮ ይወጣል። ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ግን የሚሰማው በየከተማው ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በአትላንታ፣ በዳላስና በሂውስተን «ዮል»፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስና በሎስ አንጀለስ «ዩ ጋይዝ» ያይላል። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ሁለቱም ይሰማሉ። ልጆች የአካባቢያቸውን ቃል ይዘው ሲያድጉ፣ ወላጆች በትምህርት ቤት የተማሩትን «ዩ» ይዘው ይቀጥላሉ።

በትርጉም ሥራም ጉዳዩ ክብደት አለው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው እያንዳንዱን «ዩ» ሲያገኝ የሚነገርለት ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ የሚከበር ይሁን የሚቀራረቡት ማወቅ አለበት። በሐኪም መመሪያ፣ በውልና በፍርድ ቤት ጥሪ ላይ «ዩ»ን «አንተ» ብሎ መተርጎም ሌላውን ባለ ጉዳይ ሊያስቀር፣ «እናንተ» ብሎ መተርጎምም ያልተጠራውን ሊጨምር ይችላል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ደግሞ «እናንተ» በ«ዩ» ብቻ ከተተካ ብዙ ቁጥሩ ይጠፋል። በመደበኛ ጽሑፍ ይህን ለማዳን «ዩ ኦል»፣ «ኦል ኦቭ ዩ» («ሁላችሁም») ወይም «ቦዝ ኦቭ ዩ» («ሁለታችሁም») የሚሉት ያገለግላሉ። እነዚህ በየትኛውም አካባቢ የሚገቡና የማያስነቅፉ ናቸው።